ከጢያ ድንጋይ እስከ ግምጃው ድባብ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ጎዳና መስቃን ከመግባቱ አስቀድሞ በሶዶ ምድር በጢያ በኩል ያልፋል፤ በዚያም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ዘመን እንደ ቆሙ የሚገመቱ 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ በቅርጽ ያጌጡ፣ የብዙዎቹም ገጽ በሰይፍ ምስል የተሸለመ፣ በሙታን መካነ መቃብር ላይ ይታያሉ። ሐርና ከፋይ በዚህ አገር ሳይበዛ፣ ሰው የክብሩን ምልክት በአደባባይ ለማቆም ምን ያህል ይደክም እንደ ነበር ከእነዚህ ድንጋዮች የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በሌላው ዓለም ምልክት በጨርቅ ላይ ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1717 በለንደን ታላቁ ሎጅ ከተመሠረተ ወዲህ በእንግሊዝ የተስፋፉት የፍሪሜሶን ማኅበራት፣ ጉባኤያቸውን ከውጭ ሰው ሰውረው እያካሄዱ፣ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ከግንበኛው ማዕዘንና ኮምፓስ ጋር በሐር ላይ አስጠልፈው ሰንደቅ ያሠሩ ጀመር። ምሥጢሩ በቤት ይቀራል፤ ሰንደቁ ግን የማኅበሩን ስም ለተመልካች ያውጃል።

በእኛ ዘንድ ግን የማኅበርና የደብር ጨርቅ የተሠራው ለማወጅ ሳይሆን ለመክደን ነው፤ የዚህም ሥርዓት ጥንታዊነት በጽሑፍ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ የንጉሡ የልብነ ድንግል ሠፈር ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ታቦታቱ በግምጃና በሐር ተሸፍነው በካህናት ትከሻ እንደሚሄዱ፣ ከፊታቸው መስቀልና ማዕጠንት ይዘው የሚቀድሙ አገልጋዮች እንዳሉ፣ ደወሉም በተሰማ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ከጎዳናው ፈቀቅ እንደሚልና ፈረሰኛው ከፈረሱ እንደሚወርድ ጽፏል። ያ ሕዝብ ያከበረውን ነገር አላየም፤ ያየው መጎናጸፊያውን ብቻ ነበር፤ አክብሮቱ ግን በዚያ አልጎደለም። ከመስቃን ሜዳ ወደ ምሥራቅ ዘልቆ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ደሴት፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ታቦተ ጽዮን ተሰድዳ እንደ ተጠለለች የሚነገረው ትውፊትም ቅዱስ ነገርን ሰውሮ የማክበርን ልማድ ያስታውሰናል።

ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ በካህኑ ራስ ላይ ያለውን የሚከድነው መጎናጸፊያ፣ ከላይ የሚያጠላው ድባብ፣ የካህናቱ ካባና ላንቃ፣ ሁሉም አንድ ልብስ መስለው ይታያሉ። የድባብ ሥራ ቀላል አይደለም፤ ከፋዩ ወይም ግምጃው በሽቦና በእንጨት አጥንት ላይ ይወጠራል፣ ጠርዙ በዘርፍ ይከበባል፣ መካከሉ በወርቀ ዘቦ ይጠለፋል፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ክብደቱ የያዡን ክንድ ይፈትናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ካስተባበሩ በኋላም እነዚህ ሦስቱ ቀለማት በበዓል ቀን በጃንጥላውና በአጥሩ ላይ ተዘርግተው የሥርዓቱ ክፍል ሆኑ።

ድባብ የሚገዛው ግን ማን ነው? በብዙ ስፍራ ደብሩ ሳይሆን ስለተኛውና የጽዋ ማኅበርተኛው ነው። ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባ የጉራጌ ነጋዴ ከክትፎው ቅቤና ከእርዱ በሬ ጋር ስለቱንም ያስባል፤ ጽዋውን በየወሩ የሚያዞረው ማኅበርም ለዓመታት ያጠራቀመውን አንድ ቀን በጃንጥላና በመጎናጸፊያ መልክ ለታቦቱ ያቀርባል። ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው ጎዳና ቡታጅራን ከመርካቶ ጋር ካገናኘ ወዲህ ይህ ስጦታ በመኪና ተጭኖ የሚደርስ ሆኗል። ሰጪው ስሙን በጨርቁ ላይ ሳያስጽፍ ሲቀር ለእኔ ትልቅ ትሕትና ነው፤ በዚሁ ምክንያት ግን የጨርቁ ታሪክ ከሰጪው ጋር ይሞታል።

በጨርቅ ከድኖ የማክበር ልማድ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በመስቃን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በአገራችን የሙስሊሞች ዚያራ በሚፈጸምባቸው ቦታዎችም የደጋግ ሼኾች መቃብር በጨርቅ ይከደናል፤ ያም ጨርቅ እንደ ድባቡ ብዙ ጊዜ ከምእመን ስጦታ ነው። አክብሮትን በመሸፈን መግለጽ ሁለቱም የተማሩት አንድ ቋንቋ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

በቅርቡ ዘመን ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሁለት ምሰሶ መካከል የተዘረጋ፣ የቅዱሱ ሥዕልና የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ሰንደቅ ይዘው በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ይህም ከከዳኙ ጨርቅ ይልቅ ለዚያ ለእንግሊዙ ሰንደቅ ይቀርባል። ዝማሬያቸውንና ትጋታቸውን የሚወድ ሁሉ ይህን አይነቅፍም፤ እኔም አልነቅፍም። የምሰጋው ለአሮጌው ጨርቅ ነው። አዲስ ድባብ በመጣ ቁጥር ያረጀው በዕቃ ቤት ጥግ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አይጥና እርጥበት ይበሉታል፣ ስለተኛውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ ያልፋሉ። የየደብሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ የስለተኛውን ትሕትና ሳይነካ፣ ጨርቁ የገባበትን ዓመትና የሰጪውን ማንነት በመዝገብ ቢያሰፍር፣ የከፋዩንና የጥልፉንም ዓይነት ቢጨምር መልካም ነው፤ ለዚህም ሥራ የሚነበብ እጅ ያለው አንድ ዲያቆን ይበቃል።