በወጣትነት የሚጀምር የስኳር ሕመምና የልብ ድካም፤ የስያሜዎች ታሪክ



ዛሬ የማነሣው የበሽታ ስያሜን ታሪክ ነው። ስያሜ ከበሽተኛው ቀድሞ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳልና፣ ምን እንደሚመረመርና ምን እንደሚታለፍ በብዙ ይወስናል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1936 የስኳር ሕመምተኞችን ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚሰጠው ምላሽ በሁለት ከፈላቸው። በሐኪም ቤቶች ግን ክፍፍሉ በዕድሜ ይጠራ ነበር፤ አንደኛው የልጅነት፣ ሌላው የጉልምስና ስኳር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን አጠራሩን ለወጠው። ስሙ ይሻር እንጂ አስተሳሰቡ የተሻረ አይመስለኝም። ዛሬም ዓይነት ሁለትን የጎልማሳና የባለጠጋ ከተሜ ሕመም አድርገን እንስላለን።

የአገራችን ታሪክ ሌላ መልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚል ምድብ አስገባ፤ በ1999 ደግሞ ሰረዘው። በጎንደር የሚሠሩት ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ አይገባምን ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄውን ያስነሡት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ድሆች ነበሩ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ዓይነት አምስት ብሎ ዕውቅና እስኪሰጠው ድረስ ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ዕውቅናው ተገቢ ነው፤ የዘገየም ነው። ሆኖም «ወጣትና ስኳር» ስንል ቀጭኑን የገጠር በሽተኛ ብቻ ካሰብን፣ በ30 ዓመቱ ዓይነት ሁለት የያዘው የእንጅባራ ነጋዴ ወይም የዳንግላ ሾፌር ከሁለቱም ሥዕሎች ውጭ ይቀራል።

የዚህ ሰው ዋና አደጋ ልቡ ላይ ነው። ዊልያም ካኔል የአሜሪካዋን የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ለዓመታት ከተከታተለው ጥናት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየው፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው ወንዶች የልብ ድካም ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በሴቶች አምስት እጥፍ ነበር። የልብ ደም ሥር መጥበብ ብቻውን ልዩነቱን አላብራራም። ያም ሆኖ ሕክምናው ለብዙ ዘመን በልብ ድንገተኛ ሕመምና በስትሮክ ላይ አተኮረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኤምፓግሊፍሎዚን ሙከራ በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በሲሦ ያህል ሲቀንስ ብዙዎች ተገረሙ።

የዕድሜው ነገር በግልጽ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከ300 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የስዊድን መዝገብ ጥናት፣ በ40 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት ዓይነት ሁለት የተገኘባቸው ሰዎች የስኳር ሕመም ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለልብ ድካም ያላቸው ተጋላጭነት 4.77 እጥፍ መሆኑን ገለጸ። ከ80 ዓመት በኋላ በተገኘባቸው ላይ ግን ልዩነቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ወጣቱ ከሕመሙ ጋር የሚኖርበት ዘመን ረጅም ነው፤ ከፍ ያለ ስኳር፣ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ጉዳት ተደራርበው የልብን ጡንቻ ያደነድናሉ። የስዊድንን ቁጥር እንዳለ ወደ አዊ አምጥቶ መለጠፍ አይቻልም፤ አቅጣጫውን ግን ችላ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

በእኛ ዘንድ ነገሩን የሚሸፍን ሌላ ታሪክም አለ። በኢትዮጵያ ወጣት ልቡ ሲደክም በቅድሚያ የሚታሰበው በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ መታሰቡም ትክክል ነው። ቋንቋችንም የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ «ደከመኝ» ያለን የ35 ዓመት ሰው ከልብ ድካም ጋር አናያይዘውም፤ ከሥራ ብዛት እንቆጥረዋለን። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቢያጥር ደጋው ነው፣ ማታ እግሩ ቢያብጥ መቆሙ ነው እንላለን።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሥራ አለ። የስኳር ክትትል ካርዶችን ስትመረምሩ የዛሬውን ዕድሜ ብቻ አትመዝግቡ፤ ሕመሙ የተገኘበትን ዕድሜ ፈልጉ፤ ከጎኑም ስለ ትንፋሽና ስለ እግር እብጠት ተጠይቆ እንደ ሆነ አንድ ዓምድ ጨምሩ።