ዴ ቫሌራ በጄኔቭ፦ የአንድ አየርላንዳዊ ሪፐብሊካን ፈተና



ስለ ኤመን ዴ ቫሌራ የሚጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሚያተኩረው በ1916ቱ የደብሊን ዐመፅ፣ በ1921 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውልና ውሉ ባስከተለው የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነው (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እኔ ግን ዛሬ ወደ ጄኔቭ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። ሰውየው ስለ ትንንሽ አገሮች ነጻነት የነበረው እምነት ክፉኛ የተፈተነው እዚያ ነው፤ የፈተናውም ጥያቄ ኢትዮጵያ ነበረች።

መነሻውን ባጭሩ ልበል። በ1882 በኒው ዮርክ ተወልዶ በአየርላንድ ገጠር ያደገ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1916 የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠለት። የ1921ዱን ውል የተቃወመበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት የምክር ቤት አባላት ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ መጠየቁ ነው። በ1926 ፊያና ፎይልን መሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ያንኑ የመሐላ መዝገብ «ባዶ ሥርዓት ነው» ብሎ ፈርሞ ምክር ቤት ገባ። ተቺዎቹ ይህን ግብዝነት ይሉታል። እኔ መርሕን ሳይጥሉ በር መክፈቻ መፈለግ እለዋለሁ፤ ይህ ጠባዩ ወደ ኋላም ይመለስብናል።

በ1932 ሥልጣን ሲይዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱንም ለራሱ አደረገ። በዚያው ዓመት የዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤትን የመምራት ተራ ለአየርላንድ ደርሶ ስለ ነበር፣ የማኅበሩን ጉባኤ በንግግር የከፈተው እሱ ነው። ለትንሽ አገር ከሕግ የተሻለ ጋሻ የለም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህም በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አየርላንድ በማዕቀቡ እንድትተባበር አደረገ። ውሳኔው በአገር ውስጥ ቀላል አልነበረም። ሕዝቡ ካቶሊክ ነው፤ ለሮም የሚያዝን ብዙ ነበር። ከተቃዋሚዎቹም፣ ከእንግሊዝ ጎን ከመቆማችን በፊት ዋጋ መጠየቅ ነበረብን ያሉ ነበሩ። ዴ ቫሌራ በዚህ ጉዳይ ድርድር አልፈለገም።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው መድረክ ላይ የቆመው ዴ ቫሌራ ማዕቀቡ መክሸፉን ተቀብሎ ነበር፤ ሆኖም ሽንፈቱን አላስጌጠውም። በማኅበሩ ቃል የታመነ ሕዝብ መጣሉን እንደ ውርደት ቈጠረው። ቀጥሎ የተናገረው፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀረውን ዘመኑን የሚያስረዳ ነው፤ ትንንሽ መንግሥታት የአውሮፓን ሰላም ለመጠበቅ ዐቅም የላቸውም፤ የሚችሉት የኃያላን መሣሪያ ላለመሆንና ያለ ፈቃዳቸው ወደ ጦርነት ላለመገባት መቍረጥ ነው አለ።

በ1938 እንግሊዝ በአየርላንድ ይዛቸው የነበሩትን ወደቦች አስመለሰ፤ በ1939ም አገሩን ገለልተኛ አደረገ። ይህን ገለልተኝነት ለእንግሊዝ ካለ ቂም ብቻ የተወለደ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ሐሳቡ በጄኔቭ አስቀድሞ ተነግሯል።

ከዚሁ መዝገብ አንድ ወረቀት መደበቅ ግን አይገባንም። ከዚያ ንግግር በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አየርላንድ አዲስ መልእክተኛ ወደ ሮም ላከች። የሹመት ደብዳቤው የተጻፈው ለኢጣሊያ ንጉሥና «ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነበር። በወቅቱ በነበረው የአየርላንድ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በደብሊን ምክር የሚፈርመው ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር።