ከኤንትሬ የተወረሰ ብልሃት

ማክሰኝት ያደገ ሰው ቧንቧ ሲያጉረመርም ደስ ይለዋል። ለቀናት ጠፍቶ የሰነበተ ውኃ ሲለቀቅ የቦኖው ቧንቧ መጀመሪያ ያስላል፣ አየር ይተፋል፤ ውኃው የሚንዠቀዠቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ድምፅ ስንሰማ ጀሪካን ይዘን እንሮጥ ነበር። ፍራንክፈርት በገባሁ በመጀመሪያው ብርድ ግን ያው ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ራዲያተር ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጀበና ይንተከተካል፤ ቤቱ ግን አይሞቅም።

በዚያ ላይ ሊጡ አልቦካ አለ። ባለቤቴ ባልዲውን በጋቢ ሸፍና ራዲያተሩ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ አገር ቤት በሁለት በሦስት ቀን ኩፍ የሚለው ሊጥ አምስት ቀን ሞልቶትም ዝም ብሎ ተኝቷል። የራዲያተሩን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ባሰበት እንጂ ዝም አላለም።

ከኛ በላይ ባለው ፎቅ በጎንደርና በአዲስ አበባ መካከል ለዓመታት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱ አባት ይኖሩ ነበር። ቡና ልንጠጣ ጠራናቸው። ገና የአቦሉን ስኒ ሳይጨርሱ ተነሥተው ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ ዳበሱት።

«ታቹ ይፋጃል፣ አናቱ በረዶ ነው። አየር ይዟል ልጄ። ናፍጣ የጨረሰ መኪና አየሩ ካልወጣለት መቼ ይነሣል?»

ወዲያው ልጅነቴ ታወሰኝ። ማክሰኝት ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ናት፤ ከባድ መኪና ሳይቆምባት ያለፈ ሳምንት አልነበረም። ረዳቱ ብሎኑን ላላ አድርጎ ፓምፑን በእጁ ይገፋል፤ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ ያጠብቀዋል። ራዲያተርም እንዲሁ ነው። አየር ቀላል ስለሆነ አናቱ ላይ ይከማቻል፣ ሙቁ ውኃ እዚያ አይደርስም፤ የሚያንተከትከውም አየሩን እየገፋ የሚያልፈው ውኃ ነው።

በማግስቱ ከብረታ ብረት መደብር በጥቂት ዩሮ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ገዝተው መጡ። ማስተካከያውን ዘግተው ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከላይ በጎኑ ካለችው ብሎን ሥር ስኒና ጨርቅ ያዙና ወደ ግራ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞሉ አላሏት። ረጅም «እስስ...» ተሰማ፤ ከዚያ ተፍ ተፍ አለ፤ ውኃው በቀጭኑ ሲወርድ ዘጓት። ብሎኗን ጨርሶ መፍታት አይገባም፣ ውኃው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። አየር ሲወጣ የሥርዓቱ ግፊት ስለሚቀንስ ለሕንፃው ጠባቂ ነገሩት፤ እሱም ምድር ቤት ወርዶ ውኃ ጨመረ። በራሱ ቦይለር የሚጠቀም ቤት ማሞቂያው በርዶ ሳለ የግፊት መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት።

ያን ሌሊት ተኛን። ሊጡም በሁለተኛው ቀን ኩፍ አለ።

እዚህ ማሞቂያ በተለምዶ የሚጀመረው ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ ነው። ስለዚህ በቤታችን መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ራዲያተር ማስተንፈስ ልማድ ሆነ። ቁልፏ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ የደረሰችበት ቤት ቡና ያፈላል። ልጆቻችን ደመራውን ካዩ በኋላ «ቁልፏ የት ናት?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ድምፅ ሁሉ ግን የአየር አይደለም። ሲሞቅና ሲበርድ ቋ ቋ የሚለው ብረቱ ሲለጠጥ ከማቀፊያው ጋር እየታከከ ነው፤ በመካከላቸው ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ማስገባት ይበቃዋል። የሚያፏጭ ከሆነ የፓምፑ ግፊት በዝቶ ይሆናልና ባለሙያ ይየው። ኒው ዮርክ ያለችው እህቴ በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ እንዳለባት ስትነግረኝ ቁልፍ ልልክላት ነበር። የእሷ ሕንፃ ግን የሚሞቀው በእንፋሎት ነው፤ የሚያንኳኳውም ቧንቧው ውስጥ ያቆረ ውኃ ነው። ባለ አንድ ቧንቧ በመሆኑ መፍትሔው ራዲያተሩን ወደ ቫልቩ በጥቂቱ ማዘንበል፣ ቫልቩንም ወይ ሙሉ በሙሉ መክፈት ወይ ጨርሶ መዝጋት ነበር።

እኚያ አባት አርፈዋል፤ ቁልፋቸው እኛ ዘንድ አለች። አዲስ የመጣ ወገን ራዲያተሩ ሲንተከተክበት ጋቢ ደርቦ ዝም ብሎ እንዳይበርደው፤ ቁልፍ ያላችሁ አውሱት፣ አንድ ጊዜም አብራችሁት አስተንፍሱ።