ሰፈርና ሳፋሪ፦ የእንግዳ ድንኳን በአገራችን ታሪክ

አንበሳሜ በስሟ አንበሳን ትጠራለች፤ የጉማራ ወንዝም ስሙ ከጉማሬ ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ጉማራን ተሻግሮ ወደ ደራ ምድር የሚዘልቅ መንገደኛ ዛሬ የሚያየው ሩዝ የለበሰ ማሳና በረግረጉ ዳር የሚግጥ የፎገራ ከብት ነው። አንበሳው በስም ብቻ ይኖራል፤ ጉማሬውም ጣናን መጠጊያው አድርጓል።

ሰው ከዱር አራዊት ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ጊዜ የተተረከው በአዳኙ አንደበት ነው። ድንኳኑን የተከለው፣ ውኃውን የቀዳው፣ እንግዳውን ያበላው ሰው በዚያ ትረካ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በዱር መካከል የሚያርፍበት የሳፋሪ ሰፈር በአፍሪካ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን፣ የእንግዳ ድንኳን በአገራችን ማንን እንዳስተናገደና በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ሳፋሪ የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ምንጩም ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሰፈር ማለት ተጓዥ ጭነቱን አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ያረፈበት ቦታ ነው። በድምፅ የተቀራረቡት ሁለቱ ቃላት አንዱ መሄድን፣ ሌላው ማረፍን ያመለክታሉ። ሳፋሪ በዓለም ዘንድ የገነነው በቅኝ ግዛት ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ልጃቸውን ከርሚትን አስከትለው ወደ ኬንያ በሄዱ ጊዜ፣ አባትና ልጅ ያደኑት በብዙ አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ጫንቃ ላይ በተጫነ ድንኳን ውስጥ እያደሩ ነበር። የአባትና የልጁ ስም በታሪክ ሲመዘገብ የተሸካሚዎቹ ስም በአብዛኛው ሳይነሣ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የድንኳን ኑሮ ከዚህ እጅግ የቀደመ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ የአፄ ልብነ ድንግል መናገሻ በአንድ ቦታ የተገነባ ከተማ ሳይሆን ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚዘዋወር የድንኳን ባሕር እንደነበረ ጽፏል። ታቦቱ፣ ችሎቱ፣ ገበያው ሁሉ አብሮ ይጓዝ ነበር። እያንዳንዱ ሹም የሚሰፍርበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና ማዕረጎቹ ራሳቸው የሰፈሩን ሥርዓት ይናገራሉ። ፊታውራሪ በግንባር፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚዘምቱ ነበሩ። ከተማ የሚለውም ቃል መክተምን፣ ማለትም መስፈርን የሚያስታውስ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ እንኳ ድንኳኑ ፈጽሞ አልተጠቀለለም።

ይህ ሰፈር የወታደር ብቻ አልነበረም። ሚስትና ልጆች፣ እንጀራ ጋጋሪና ጠጅ ጣይ፣ ካህንና አዝማሪ አብረው ይጓዙ ነበር። በሰፈር የተወለደ ሕፃን በሰፈር ያድግ ነበር። ስለዚህ ቤተሰብን በድንኳን ማሳደር ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ድንኳኑ የተተከለበት ዓላማና የክፍያው ሥርዓት ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ከፋዩ ገበሬው ነበር። እንጨቱ ሲመናመንና ስንቁ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ የተራቆተው መሬት ግን ከገበሬው ጋር ይቀራል። ቤተ መንግሥት የተቀበለው እንግዳ ባልደረባ ይሰጠዋል፤ በየደረሰበትም ድርጎ ይታዘዝለታል። ድርጎ በትእዛዙ ላይ የንጉሥ ቸርነት ይምሰል እንጂ፣ እንጀራው የሚወጣው ከገበሬው ሞሰብ፣ በጉ የሚጎተተው ከገበሬው በረት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ከጎንደር ተነሥቶ በእንፍራዝና በደራ በኩል ወደ ጢስ ዐባይ ሲጓዝ ያለፈው በዚሁ ምድር ነው። የጉዞው ታሪክ በብዙ ቅጽ ታትሞ ዓለም አንብቦታል፤ የደራ ገበሬ ግን የራሱን ወገን ታሪክ የሚጽፍበት ብራና አልነበረውም።

አደንም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የክብር መንገድ ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይለብሳል፤ ዝሆን የገደለ ይፎክራል፤ ግዳዩም በሹም ፊት ይቆጠርለታል። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያለው ቆላ ለዚህ ዝና የተመረጠ መስክ ነበር። በ1861 እና በ1862 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር፣ በኋላ በሕግ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር፣ የሰቲትንና የአንገረብን ወንዞች ተከትሎ በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ተዘዋውሯል። ፍሎረንስ በዚያ በረሃ ጎጆዋን እንደ ቤት አደራጅታ መኖሯ፣ በዱር ሰፈር የቤተሰብ ኑሮ ከተመዘገበባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ነው። ቤከር በጎራዴ ዝሆን የሚጥሉትን የሐምራን ዐረቦች ጀግንነት በአድናቆት ጽፏል። ነገር ግን የአገሩ ሰው በጎራዴው፣ እንግዳውም በጠመንጃው ያሳደዱት ዝሆን ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ሄደ።

በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የእንግዳው መሣሪያ ከጠመንጃ ወደ ፎቶግራፍ ማንሻ ተለወጠ። በ1963 ጁልያን ኸክስሊ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ የብሔራዊ ፓርኮች ሐሳብ ሥጋ ለበሰ፤ አዋሽና ሰሜን በ1969 በሕግ ተከለሉ። በአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ ተጎታች ቤቶች ተደርድረው እንግዶች ከነልጆቻቸው ወንዙን ቁልቁል እያዩ ያርፉ ጀመር። የማረፊያው ስም ከረዩ ተባለ። የከረዩ አርብቶ አደሮች ግን ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ከነበረው ሣርና ያጠጡበት ከነበረው ውኃ ተገፍተው ነበር። የሕዝቡ ስም በእንግዳ ማረፊያው ላይ ተለጥፎ ሕዝቡ ራሱ ከአጥሩ ውጭ መቅረቱ፣ የዚያን ዘመን አሠራር ከብዙ ሐተታ ይልቅ የሚገልጽ ነው።

የሰሜን ተራሮች ታሪክም ቀላል አይደለም። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ በፓርኩ እምብርት ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደርጓል። ዋልያው ሣር አገኘ፤ ገብስ ዘርቶና በግ አርብቶ የኖረ ገበሬ ደግሞ በከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ግድ ሆነበት። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጡ የፓርኩን ድል ብቻ መናገር ታሪክን በግማሽ መጻፍ ነው።

ይሁን እንጂ የሰሜን ሰፈር ሌላ ትምህርትም ይሰጣል። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በተባሉት ማደሪያዎች ለመስፈር የሚወጣ ቤተሰብ ያለ አገሬው ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ ያነገተው አጃቢ፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎው ከዚያው አካባቢ የመጡ ናቸው። የደከመው ሕፃን በበቅሎ ይጫናል፤ ሌሊቱ ብርድ ነውና ከእሳቱ ዳር ይታቀፋል። ጭላዳ ሣር ግጦ የሚኖር፣ በመንጋ ሆኖ ፀሐይ የሚሞቅ እንስሳ ስለሆነ፣ ልጆች ሳይፈሩና ሳያስፈሩ ተቀምጠው ይመለከቱታል። ጥሩ መንገድ መሪ ለልጆቹ ኮቴ ማንበብን፣ ድምፅ መለየትን፣ ዝም ብሎ መጠበቅን ያስተምራቸዋል። በዚህ ጊዜ መምህሩ የገበሬ ልጅ፣ ተማሪው የሩቅ አገር እንግዳ ይሆናል። ድርጎ በደመወዝ፣ ባልደረባም በመምህር ተተካ ማለት ነው። ከ2020 ጀምሮ ወረርሽኙ፣ ጦርነቱና ግጭቱ በተከታታይ የእንግዳውን እግር ሲያሳጥሩ፣ ያለ ሥራ የዋለው ባለበቅሎ የዚህን ግንኙነት ዋጋም፣ ስስነቱንም በራሱ ኑሮ አይቶታል።

አንበሳውም ቢሆን ከአማራ ምድር ፈጽሞ አልጠፋም። በቋራ ቆላ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር በሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በ2016 በተመራማሪዎች ፎቶግራፍ ተረጋግጧል። ለውጭው ዓለም ይህ ግኝት ተባለ፤ ለአካባቢው ሕዝብ ግን የቆየ ዕውቀት ነበር። በአልጣሽ የአንበሳው ዕጣ የሚወሰነው ከሁሉ አስቀድሞ ከብቱን ከአንበሳ አጠገብ በሚያሰማራው ሰው ውሳኔ ነው። ያ ሰው ከአንበሳው መኖር የሚያገኘው ጉዳት ብቻ ከሆነ፣ አንበሳን በሕግ ብቻ ማቆየት አይቻልም።

ወደ ፎገራ ሲመለሱም ጥያቄው ያው ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ክረምቱ ሲወጣ ርብና ጉማራ ባጥለቀለቁት ሜዳ ላይ፣ በሸሸርና በወላላ ረግረጎች፣ የአውሮጳንና የእስያን ብርድ የሸሹ ባለ ረጅም እግር ወፎች በመንጋ ይሰፍራሉ። እነርሱም በየዓመቱ ድንኳን የማይተክሉ የሜዳው እንግዶች ናቸው። ረግረጎቹ ግን ውኃቸው እየተጠነፈፈና እየታረሱ ጠብበዋል። በዚህ ገበሬውን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ሩዝ ጎርፍ ያራቆተውን ሜዳ የእህል ጎተራ አድርጎታልና። ወፉ ለባለማሳው አንዳች ነገር ካላመጣለት፣ ባለማሳው ለወፉ መሬት ይተውለት ዘንድ መጠበቅ የጥንቱን ድርጎ በሌላ ስም መጠየቅ ይሆናል።

የሜዳው ሕዝብ የሚያስተምረው ብዙ ነው። በአንድ ዘመን ጉማሬ በማደን የታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል ታንኳ የመሥራት ጥበቡን ከትውልድ ወደ ትውልድ አሸጋግሯል፤ የፎገራ እረኛ የውኃውን መምጫና መሄጃ ያውቃል። በረግረጉ ዳር ለቤተሰብ የሚሆን ሰፈር ቢቆም፣ የታንኳው ቀዛፊና እረኛው መምህራን መሆን ይችላሉ። የሰፈሩም ትክክለኛነት የሚለካው በድንኳኑ ስፋት ሳይሆን፣ የወረታና የአንበሳሜ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ገብቶ ወፎቹን ለማየት በመቻሉ ነው። የአገሬው ሕፃን በአጥር ቀዳዳ የሚያየው ሰፈር ለእንግዳ የተመቸ ቢሆን እንኳ ለቤተሰብ የተመቸ ሊባል አይገባውም።

አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የንጉሡ ሰፈር ገበሬውን በልቶ ተነሣ፤ የአዳኙ ሰፈር አራዊቱን ጨርሶ ሄደ፤ የፓርኩ ሰፈር አራዊቱን ሲጠብቅ ባለአገሩን ገፋ። ከእነዚህ ከሦስቱ የሚሻል አራተኛ ሰፈር መትከል የዚህ ትውልድ ሥራ ነው፤ ካስማውንም መምታት ያለበት ባለአገሩ ራሱ ነው።