ምኒልክ በኮምፒውተር፣ ካፋ በሲኒ

እንኳን ደስ ያላችሁ! እምዬ ምኒልክ ጌም ውስጥ ገብተዋል። ፋይራክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ኢትዮጵያን «ሲቪላይዜሽን 6» ላይ ሲጨምር፣ መሪ አድርጎ የሾመው እሳቸውን ነው። ኮረብታ ላይ የቆመ ወታደራቸው ጉልበት ይጨመርለታል። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርምም።

ጌሙ ውስጥ ቡናም አለ። «የቅንጦት ሀብት» ተብሎ መሬት ላይ ተበትኗል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካፋን መርጦ መጫወት ግን አይቻልም።

ለነገሩ ለካፋ ይሄ ጨዋታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋ ገባ። የመጨረሻው ታቶ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲሸሹና ሲታገሉ ቆይተው ተያዙ። በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 እንደወጡ ቀሩ። ከሕዝቡ ብዙው አለቀ፣ ብዙው ለባርነት ተነዳ። «እንደገና ጀምር» የሚል ቁልፍ አልነበረም።

«ፈረንጅ ታሪካችንን መቼ አወቀና!» ልትሉ ከሆነ ቆይ አንዴ። አድዋን ከነዓመቱ፣ ምኒልክን ከነፈረስ ስማቸው ትነግሩኛላችሁ። ከአድዋ በኋላ ዓመት ቆይቶ ካፋ ምን ሆነ ስትባሉስ? ዝም! ታዲያ ጌሙ ምን አጠፋ? ካፋን ቡና ብቻ አድርጎ በማስቀረት እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

በሉ፣ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ። ቶናው ሲቀዳ ግን «ጋኪ ሸሮቾ ማን ነበሩ?» ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ።