ውሃ ሽቅብ የሚገፋው ዲናሞና የመሬት ገመዱ

ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ከተማዋ በድሬዳዋ አቅራቢያ ወደሚገኘው ድሬ ጃራ ፊቷን አዞረች። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ። በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። ስለዚህ የሐረር ውሃ ዛሬ በዲናሞ (በኤሌክትሪክ ሞተር) ጉልበት ሽቅብ የሚወጣ ውሃ ነው።

ዲናሞው የሚዞረው በትልልቆቹ የፓምፕ ጣቢያዎች ብቻ አይደለም። እህል በሚፈጭበት ወፍጮ ቤት፣ በጋራዡ፣ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ግቢም ሮቶ በምትሞላው ትንሽ ፓምፕ ውስጥ አለ። የኮረንቲ አደጋ የሚከፋውም በዚህች ትንሽ ፓምፕ ላይ ነው፤ አካሏ ብረት፣ ወለሉ እርጥብ፣ የሚያስነሳት ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን። የዲናሞው የሽቦ ጥቅል ሽፋን ተልጦ ሽቦው ብረቱን ከነካ፣ 220 ቮልት በፓምፗ ገላ ላይ ይቀመጣል። ዲናሞው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል።

የዚህ አደጋ አንዱ መከላከያ ዕድሜው ከሞተሩ ጋር ይቀራረባል። ኒኮላ ቴስላ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ ሞተሩ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ አምራቹ ሲግመንድ በርግማን በርሊን ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ ማምረት ጀመረ። ቱቦው ሽቦውን ከጉዳት እንዲጠብቅ ነበር የታሰበው። የብረት ቱቦ ግን ሌላም አገልግሎት ሰጠ፤ መገጣጠሚያዎቹ እስከጠበቁ ድረስ ከዲናሞው ገላ ያፈተለከውን ኮረንቲ ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ መልሶ ፊዩዙን ያቃጥላል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ዛሬም የብረት ቱቦን እንደ መሬት ገመድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን እንደሚመልስ ገመድ፣ መጠቀምን ይፈቅዳል። ዝገት፣ ቀለም ወይም የላላ ማያያዣ ግን ይህን መንገድ ይቆርጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የድንጋይ ግድግዳ ከተማ ነው። ይህን ግድግዳ ለሽቦ ብሎ መፈልፈል ቅርሱን ማቁሰል ስለሆነ፣ ቱቦው ከግድግዳው ላይ ቢሄድ ይሻላል። የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ ርካሽ ነው፣ አይዝግም፣ ለመሥራትም ይቀላል። ኮረንቲ ግን አይመልስም። አሮጌ የብረት ቱቦ ነቅሎ ፕላስቲክ የሚተካ ባለሙያ አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ገመድ ካላስገባ፣ ሳያስበው የቤቱን መከላከያ አብሮ ነቅሏል። ይህ ገመድ ከፌዝ ሽቦዎቹ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ መሄድ አለበት፤ ተለያይቶ ከሄደ የመመለሻው መንገድ እንቅፋት ይጨምራል።

ብዙዎች «ፓምፑ ሥር የብረት ዘንግ ቀብሬያለሁ» ብለው ይረጋጋሉ። ስሌቱ ግን አያረጋጋም። በደረቅና ድንጋያማ አፈር የአንድ ዘንግ ተቃውሞ 20 ኦም ነው እንበል፤ የምንጩን ተቃውሞ ትተን 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። ባለ16 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር አይወርድም፤ የፓምፗ ገላ ግን ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል። ለሰው ልብ ከ1 አምፔር እጅግ ያነሰ መጠን በቂ ነው። ዘንጉ መብረቅን ለማስተንፈስ ይጠቅማል፤ ብሬከሩን የሚያወርደው ግን ከዲናሞው ገላ እስከ ሳጥኑ ሳይቋረጥ የሚደርስ፣ እዚያም ከኒውትራሉ ጋር በደንቡ መሠረት የተገናኘ ገመድ ነው። ይህ ግንኙነት በሌለበት ቤት በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ መግጠም ግድ ይላል፤ ባለበትም ቤት ለእርጥብ ቦታ ፓምፕ ቢጨመር ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያ ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ የራሷን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታ ነበር፤ የሕንፃ ኮዷን 10ኛ ክፍል። ዲናሞ ጠግኖ ለሚመልስ ባለሙያ ደግሞ ፍተሻው አጭር ነው፤ ኃይሉን አጥፍቶ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው ገላ፣ ሌላውን በሳጥኑ የመሬት ማሰሪያ ላይ ያሳርፋል። ንባቡ ከ1 ኦም በታች ካልሆነ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷልና ሳይታደስ ዲናሞው አይነሳም።