ዛፍ ለሚተክሉ የገጠር ባለይዞታዎችና ማኅበረሰቦች፦ የባለቤትነት መብትና ድጋፍ

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ተራራ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ዝርያው መነሻው አውስትራሊያ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በወቅቱ በተራራው ላይ የነበረው የጥድና የወይራ ደን በመመናመኑ አዲሲቱ መናገሻ በማገዶና በግንባታ እንጨት እጥረት ተቸግራ ነበር። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለሆነም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለተከለው ሰው የሚሸጥ ንብረት ሆነ።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ተካዩ የዛፉ ተጠቃሚ መሆኑን ሲያውቅ ችግኙን የሚንከባከብ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም ሆነ በግል ተነሳሽነት ችግኝ ለመትከል የሚያስቡ ተገልጋዮች ከጉድጓዱ በፊት ሊያጣሩት የሚገባው ጉዳይ የባለቤትነት ማስረጃ ነው። ዛፉን ለዓመታት ጠብቆ አሳድጎ፣ ሲደርስ የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳ ሰነድ የሌለው ሰው በወራሾች ወይም በአዋሳኝ ክርክር በቀላሉ ይጎዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ትክክለኛው አጠራር «ባለመሬት» ሳይሆን «ባለይዞታ» ነው። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህም መብት መሸጥን፣ ማውረስን፣ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረትን ማንሳትን ወይም ካሳ መጠየቅን ይጨምራል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበር እና የመንግሥት ደን በማለት አራት የባለቤትነት ዓይነቶችን ለይቶ እውቅና ሰጥቷል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለው ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመራል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ የተተከለ ዛፍ ግን ለካሳ አይታሰብም።

የት ይቀርባሉ?

በቅድሚያ መሬቱ በማን አስተዳደር ሥር እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ወሰን ውስጥ ያለ ቦታ ጉዳዩ የሚታየው በከተማ አስተዳደሩ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ ያለው የገጠር መሬት ደግሞ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ክልል ነው። ከተማ እየኖሩ በገጠር የቤተሰብ ይዞታ ያላቸው ነዋሪዎች ይህን ባለመለየት ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ይታያል።

የገጠር ባለይዞታ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ በቀበሌው ለሚገኘው የግብርና ልማት ሠራተኛ ይቀርባል። ባለሙያው የአፈሩን ጠባይ፣ የዝርያ ምርጫንና በአቅራቢያ ያለውን የችግኝ ጣቢያ በተመለከተ ምክር ይሰጣል። ይዞታው የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም መዘጋጀት አለበት፤ ስለ ዛፉም ሁለቱ አስቀድመው ቢስማሙ ይበጃል።

በጋራ መሬት ላይ ለማልማት የሚፈልግ ማኅበረሰብ ተደራጅቶ የመጠቀም መብቱን በጽሑፍ ማግኘት ይኖርበታል። በወላይታ የሁምቦ ወረዳ ነዋሪዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም አድርገዋል። ሥራው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል ሳይሆን በመሬት ውስጥ የቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች የሚያወጡትን ቀንበጥ መርጦ መጠበቅ ነበር። ማኅበራቱ ለመሬቱ የተጠቃሚነት ማረጋገጫ ስለነበራቸው ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ለማግኘት በቅተዋል።

የዝርያ ምርጫና እንክብካቤ

ባሕር ዛፍ ገቢ ለማግኘት የሚመረጥ ቢሆንም ውኃ በብዛት ስለሚስብ ከምንጭ ዳርና ከእርሻ ድንበር መራቅ አለበት። የአዋሳኝ ገበሬዎች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ለደጋ ቦታ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተስማሚ ናቸው፤ ዕድገታቸው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አገር በቀል ዝርያዎችን በአካል አይቶ ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው 705 ሄክታር የሚሸፍነውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል መጎብኘት ይችላል።

ጉድጓዱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተቆፍሮ ይቆያል፤ ተከላው የሚከናወነው አፈሩ በሚገባ ሲርስ፣ በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ሳያወልቁ መትከል ሥሩን ያንቃል። ከመስከረም በኋላ ያለው ጊዜ ከተከላው ዕለት ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ማጠር፣ ማረም፣ ግርጌውን በሣር መሸፈንና ከብት እንዳይገባ መከላከል ያስፈልጋል።

የደረሰ ዛፍ ቆርጦ ለገበያ የሚያጓጉዝ ባለይዞታ ከመጫኑ በፊት ወደ ወረዳው ቀርቦ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ሲቀርብ የይዞታ ደብተሩን ዋናውንና ቅጂውን እንዲሁም መታወቂያውን ቢይዝ ከምልልስ ይድናል።